ጳጉሜን 7

ስለ ሞባይልና ስለ ጌም የምንጽፍበትን የፌስቡክ ገጽ የጀመርነው ሦስት ሆነን ነው። ሁለታችን ጋዜጠኝነት የተመረቅን ሴቶች፣ ሦስተኛችን ቀን በአንድ የሶፍትዌር ድርጅት ሲሠራ ውሎ ማታ የዘመድ አዝማድ ስልክ ሲያስተካክል የሚያመሽ ፕሮግራመር። ሦስታችንም በሃያዎቹ ውስጥ ነን፤ ሦስታችንም ወሩ ሳያልቅ ደመወዛችን የሚያልቅብን ሰዎች ነን።

የምንለጥፈው ነገር አገር የሚያናውጥ አልነበረም። የትኛው ስልክ ባትሪው እስከ ማታ ይቆያል? «አዲስ ነው» ተብሎ የሚሸጠው ታድሶ የመጣ ሳምሰንግ በምን ይለያል? ክራክ የተደረገ ኦፊስ ስንጭን ከሱ ጋር ምን ተደብቆ ይገባል? ትምህርት እየዘለለ ፕሌይስቴሽን ቤት የሚውለውን ታናሽ ወንድም መቆጣት ይሻላል ወይስ አብሮ መጫወት? (እኛ አብሮ መጫወት ብለን ነበር። ተሸንፈን ተመለስን።)

እንግዲህ ሰው እንዲህ ያለ ወሬ ይወዳል መሰለን፣ ተከታዮቻችን 5,000 ደረሱ። ማኪያቶ ጠጥተን አከበርን። በደስታችን መሀል ፕሮግራመራችን ስልኩን አውጥቶ አንድ ነገር አነበበልን። በየካቲት 2012 ምክር ቤቱ ያጸደቀው የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ፣ ቁጥር 1185/2012 ነው። ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨ ሰው እስከ አንድ ዓመት እስራት ወይም እስከ 50 ሺህ ብር ይቀጣል፤ ነገሩ የተሰራጨው ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከሆነ ግን እስራቱ እስከ ሦስት ዓመት፣ ገንዘቡ እስከ 100 ሺህ ብር ይደርሳል።

«እንኳን ደስ ያላችሁ» አለን። «አንድ ሰው ብቻ ሲጨመር እስራታችሁ በሦስት ይባዛል።»

ሳቅን። ያን ጊዜ ያስቅ ነበር።

ፕሮግራመራችን አዋጁን አይወደውም። ሰኔ 2012 ላይ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንታት ያህል ሲቋረጥ፣ ገና ተማሪ ሆኖ ለውጭ አገር ሰው የጀመረው የመጀመሪያ ሥራው ሜዳ ላይ ቀርቶበታል። ኢንተርኔቱ ሲመለስ ደንበኛው ሌላ ሰው ቀጥሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከላይ የሚዘጋና የሚከፈት ነገር ሁሉ ያስፈራዋል። «ሶፍትዌር ላይ ስህተት ሲገኝ የጻፈውን ሰው አያስሩትም» ይላል። «ስህተቱን ይነግሩታል፣ ያርማል፣ የታረመውን ይለቃል። በቃ።»

5,000 የምትለው ቁጥርም አትዋጥለትም። ሁለት መቶ ሰው ያለበት የሰፈር ቴሌግራም ግሩፕ ሰውን ከሰው ሊያባላ ይችላል፤ ስለ ሽሮ አሠራር ብቻ የሚያወራ ገጽ ደግሞ መቶ ሺህ ተከታይ ሊኖረው ይችላል። ታዲያ ቁጥሩ ምን ይለካል? አዋጁ የማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያዎች ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሱ ይላል፤ እሱ ደግሞ «አማርኛውን ማን አንብቦላቸው?» ይላል። የቀድሞዋ የፌስቡክ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሃውገን በ2021 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካ ሴኔት ስትመሰክር ኢትዮጵያን በስም ጠርታ፣ ኩባንያው ለዚህ ጉዳይ የሚያወጣው ገንዘብ አብዛኛው ለእንግሊዝኛ እንደሆነ ተናግራለች። እኛም በክርክሩ ረትቶናል። የተማርነው ሙያ ስለ ነጻነት ነዋ! ነጻነትን የሚያሳንስ ነገር ሲመጣ መቃወም ቀላል ነበር።

ከዚያ ነሐሴ መጣ።

አንድ ምሽት በቴሌግራም አንድ ደብዳቤ ደረሰን። አርማ አለው፣ ክብ ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው። ያልተመዘገበ የስልክ ቀፎ ሁሉ ከጳጉሜን 7 ቀን በኋላ ኔትወርክ አያገኝም ይላል። ነገሩ የማይታመን አልነበረም። ስልክ ሁሉ 15 አሃዝ መለያ አለው፤ *#06# ብትደውሉ ይመጣላችኋል። ኔትወርኩ በዚያ ቁጥር እየለየ አንዱን ቀፎ ሊያስገባ፣ ሌላውን ሊያስቀር ይችላል። በ2010 ዓ.ም. በእርግጥም የቀፎ ምዝገባ ተጀምሮ ከውጭ ስልክ ይዞ የገባ ሰው ሲንከራተት አይተናል፤ በኋላ ቀረ እንጂ። «ተመለሰ ማለት ነው» አልን። ሌላ ገጽ ሳይቀድመን ለጠፍነው። ደብዳቤው ከደረሰን ሁለት ደቂቃ አልሞላም ነበር።

ዘጠኝ መቶ ሰው አጋራው። እንዲህ ያለ ነገር አይተን አናውቅም። በደስታ እንቅልፍ አልወሰደንም።

ጠዋት አንድ አባት ከሥር አስተያየት ጽፈው አገኘን፤ «ልጆቼ፣ ጳጉሜን 7 የሚባለውን ቀን ከየት አመጣችሁት?»

ወዳጆቻችን፣ አስቡት። በዲግሪ የተመረቅን ሁለት ጋዜጠኞችና ኮድ ሲጽፍ አንዲት ነጠላ ሰረዝ የማታመልጠው አንድ ፕሮግራመር፣ ጳጉሜን ሰባት ቀን እንደሌላት ልብ አላልንም። ማኅተሙን እንጂ ቀኑን አላየንም። ስንደዋውል ደብዳቤው ከየትም መሥሪያ ቤት እንዳልወጣ ተነገረን። የለጠፍነውን አጠፋነው። የጠፋ መስሎን ተነፈስን። ግን ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ፎቶው በየግሩፑ መዞሩን ቀጠለ።

በሦስተኛው ቀን አንድ ልጅ በውስጥ መስመር ጻፈልን። እህቱ ቤሩት የሰው ቤት ትሠራለች። ለእናታቸው ሕክምና እንዲሆን ሦስት አዳዲስ ስልኮች ገዝታ በሰው ልካለች፤ እሱ ሸጦ ገንዘቡን እንዲሰጥ። የኛን ጽሑፍ አንብቦ፣ ስልኮቹ ከመዘጋታቸው በፊት ብሎ መገናኛ ወስዶ በግማሽ ዋጋ ሸጣቸው። ገዢው ነጋዴ ነገሩ ውሸት መሆኑን ሳያውቅ ቀርቶ ነው ለማለት ይከብዳል። ልጁ አልሰደበንም። «እናንተ ስለጻፋችሁት ነው ያመንኩት» ብቻ ነው ያለው።

ማታ የእህትየው ድምፅ መጣ። በጣም ቀስ ብላ ነው የምታወራው፤ የምትሠራበት ቤት ሰው ተኝቶ ይሆናል። «እህቶቼ፣ እኔ እናንተን አላውቃችሁም» አለች። «ስልኮቹን የገዛኋቸው ስምንት ወር እንቅልፍ አጥቼ ነው። ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ሰው መጠየቅ ምን ነበረበት?»

ሦስታችንም ደጋግመን ሰማነው።

ያን ሌሊት አዋጁን እንደገና አነበብነው፤ በዚህኛው ጊዜ ግን ማንም አልሳቀም። ስንከራከር የዘለልነው አንድ ነገር አለበት። ተናጋሪው የነገሩን እውነትነት ለማረጋገጥ በነበረበት ሁኔታ ምክንያታዊ ጥረት አድርጎ ከሆነ እንደ ሐሰተኛ መረጃ አይቆጠርበትም ይላል። ምክንያታዊ ጥረት! ትምህርት ቤት በመጀመሪያው ዓመት የተማርነው እኮ ይኸው ነው። እኛ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ምን ጥረት አደረግን? ደብዳቤውን ማጉላት እንኳ አላጎላነውም።

አሁንም አዋጁን እንፈራዋለን። ውሸት የትኛው እንደሆነ የሚወስነው ባለሥልጣን ሲሆን ነገ እውነት የጻፈም ሊታሰር ይችላል፤ ይህን ሐሳባችንን አልቀየርንም። ደግሞስ እኛ ሦስት ዓመት ብንታሰር ለእናትየው ምን ይረባቸዋል? ነገር ግን «ሕጉ መጥፎ ነው» የሚለውን ቃል መደበቂያ አድርገነው ነበር። ሕጉ ባይኖርም ያች ሴት ያለችው ቤሩት ነው፤ ስልኮቹም በግማሽ ዋጋ ተሽጠዋል። ፕሮግራመራችንም የራሱ ምሳሌ መልሶ ያዘው። ስህተት ሲገኝ ሰውየው ይነገረዋል፣ ያርማል፣ የታረመውን ይለቃል አላለም? እኛ አላረምንም፤ ደምስሰን ዝም ነበር ያልነው።

ስለዚህ በማግስቱ ስህተታችንን ከነፎቶው፣ ደብዳቤው ላይ «ሐሰት» ብለን በቀይ ጽፈንበት፣ በሦስታችን ስም አወጣነው። ገጹ አናት ላይ ሰቀልነው። ውሸቱን ዘጠኝ መቶ ሰው አጋርቶት ነበር፤ እርማቱን አሥራ አራት። ከአሥራ አራቱ ሦስቱ እኛው ነን።

ተከታይም ሸሸን። ወደ 4,800 ገደማ ወርደናል፤ በአዋጁ ስሌት ቅጣታችን ቀለለ ማለት ነው። አሁን አንድ ነገር ከመውጣቱ በፊት ሁለት ቦታ ስልክ እንደውላለን። ሌሎች ገጾች ሁልጊዜ ይቀድሙናል። ከደመወዛችን እያዋጣን ለእናትየው በየወሩ ትንሽ እንሰጣለን፤ የጎደለውን ግን ገና አልሞላንም። እህትየው ሁለተኛ አልደወለችም። ገጹን ግን አልተወችውም፤ ስሟን ከተከታዮቹ መሀል እናየዋለን።

እናንተም ነገ አንድ ደብዳቤ በቴሌግራም ሲደርሳችሁ፣ ማኅተሙን ትታችሁ መጀመሪያ ቀኑን እዩ። ጳጉሜን አምስት ቀን ናት፤ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት።