ለመስታወት በረንዳ የሚሆነው እንጨት የትኛው ነው?
ከአራዳ እስከ አዲስ ዓለም



በሐምሌ ዝናብ ልጆች ሳይበርዳቸው የሚያጠኑበት፣ በኅዳር ጠዋት ፀሐይ እየሞቁ ቡና የሚጠጡበት፣ የአበባ ማሰሮ የሚደረደርበት በመስታወት የተዘጋ በረንዳ ለአንድ ቤተሰብ ትልቅ ጸጋ ነው። ሆኖም በቤቱ ካሉት እንጨቶች ሁሉ ይበልጥ የሚፈተነው የዚህ በረንዳ እንጨት መሆኑን ብዙዎቻችን ልብ አንለውም። ከውጭ ዝናብ ይመታዋል፤ ከውስጥ ደግሞ መስታወቱ የሰበሰበው የፀሐይ ሙቀት ያደርቀዋል። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። መስታወት ግን እንደ እንጨት እየተነፋና እየተኮማተረ አብሮት አይሄድም። ስለዚህ መቃኑ ሲጣመም የሚሰነጠቀው መስታወቱ ነው፤ አብሮ የሚባክነውም ቤተሰቡ ለዓመታት ያጠራቀመው ገንዘብ ነው።

በረንዳ ለማሠራት ያሰበ ሰው ሁሉ የሚሰማው ምክር አንድ ነው፤ «ጠንካራ እንጨት ግዛ» ይባላል። ጠንካራ የሚባለው የትኛው ነው? ይህን ጥያቄ ይዘን ከአዲስ አበባ ቀደምት ቤቶች ተነሥተን በምዕራቡ ጎዳና እስከ አዲስ ዓለም እንጓዝ። መልሱን በየመንገዱ እናገኘዋለን።

ከአራዳ እንነሣ

የአዲስ አበባ ቀደምት ቤቶች የሚታወቁት በእንጨት በረንዳቸው ነው። በሥራቸው ከአገራችን ባለሙያዎች ጋር የሕንድና የአርመን አናጢዎች እጅ አለበት። እቴጌ ጣይቱ ያቋቋሙት ሆቴል በ1900 ዓ.ም ገደማ ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ በጥር ወር 2007 ዓ.ም የእሳት አደጋ ከፊሉን ጎድቶታል። በፒያሳ የነበሩ በርካታ ቤቶች ደግሞ በ2016 ዓ.ም በተካሄደው የልማት ሥራ ተነሥተዋል። ያም ሆኖ ዛሬም ቆመው ከሚታዩት አሮጌ ቤቶች የምንማረው ነገር አለ።

አንዱን ቀረብ ብለው ይመልከቱት። የእንጨቱ ቋሚ መሬት አይነካም፤ ከድንጋይ መሠረት በላይ ተቀምጧል። የጣሪያው ክፈፍ ወደ ፊት ረዘም ብሎ ስለ ወጣ ዝናቡ ከመቃኑ ርቆ ይወርዳል። እንጨት የበሰበሰበት ቤት ሲያጋጥም ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚበሰብሰው ውሃ የሚያቁረው የታችኛው አግዳሚ ነው፤ ከላይ ያለው ገና ጤነኛ ሆኖ ይገኛል። እንግዲህ የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው፤ የእንጨቱን ስም ከመጠየቅ በፊት ውሃው በየት በኩል እንደሚወርድ መጠየቅ ይገባል።

በመናገሻ ጫካ

ከከተማው ወጥተን በስተ ምዕራብ ስንጓዝ በስተ ግራችን የወጨጫ ተራራ ይታያል። በጎኑ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን ከአገራችን ታሪካዊ ደኖች አንዱ ነው። በቃል ሲወርድ በመጣው ታሪክ መሠረት፣ በ15ኛው መቶ ዓመት የነገሡት አጼ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው አስተክለውታል ይባላል። በዚህ ደን ጥዱን፣ ዝግባውን፣ ወይራውንና ኮሶውን ከነሕይወታቸው ማየት ይቻላል።

ጥያቄያችንም የሚፈታው እዚህ ነው። የእንጨት ሳይንስ ሰፋፊ ቅጠል ያላቸውን ዛፎች «ጠንካራ»፣ እንደ ጥድና ዝግባ ያሉትን ደግሞ «ለስላሳ» ብሎ ይከፍላል። ይህ አከፋፈል የዛፉን ወገን እንጂ የእንጨቱን ዕድሜ አይናገርም። ጥድ በዚህ አከፋፈል «ለስላሳ» ነው፤ ነገር ግን ዘይታማና መዓዛማ የሆነው ልቡ ምስጥንና ብስባሴን ስለሚቋቋም ለቤተ ክርስቲያንና ለአጥር ቋሚ ሲመረጥ ኖሯል። ዝግባ ያው «ለስላሳ» ነው፤ ቀጥ ያለና ለመላጊያ የሚመች ቢሆንም እርጥበት ካገኘው ቶሎ ይበሰብሳል፤ ምስጥም ይበላዋል። ባሕር ዛፍ በተቃራኒው «ጠንካራ» ከሚባሉት ወገን ነው፤ ነጩ ባሕር ዛፍ ግን ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃልም። ዋንዛም «ጠንካራ» ይባላል፤ ቢሆንም ቀለል ያለና ለመሥራት የሚመች ነው። ከበሮ የሚቦረቦርበት ያው ዋንዛ በደንብ ከደረቀ ቅርጹን ይጠብቃል። ወይራ ከሁሉም ይከብዳል፤ ሆኖም ግንዱ አጭርና ጠማማ ስለሆነ ረጅም መቃን አይወጣውም።

ስለዚህ አንድ እንጨት ለበረንዳው ሁሉ አይበቃም፤ ለየቦታው የሚስማማውን መመደብ ያስፈልጋል። መስታወት ለሚይዘው መቃን ዋንዛ ይመረጣል፤ ዝናብ የሚያገኘው ፊቱ ግን ዘይት ቀለም ወይም ቫርኒሽ ሊቀባ፣ በየጊዜውም ሊታደስ ይገባል። ለመሬት ለሚቀርበው አግዳሚና ለቋሚው የጥድ ልብ ተስማሚ ነው። ዝግባ ዝናብ ለማይደርስበት ለውስጥ ኮርኒስ ይሁን። ባሕር ዛፍ ለግንባታ መወጣጫ፣ ለጣሪያ ማገርና መስታወት ለማይነካ ሥራ ይዋል።

በአዲስ ዓለም ኮረብታ

ከሆለታ አልፈን አዲስ ዓለም እንደርሳለን፤ ከአዲስ አበባ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዳግማዊ አጼ ምኒልክ በ1893 ዓ.ም ገደማ መናገሻ ከተማቸውን ወደዚህ ለማዛወር ያሰቡት ከሌላ ምክንያት ይልቅ በእንጨት እጦት ነበር። በአዲስ አበባ ዙሪያ የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተመናምኖ ነበር። ከተማዋን ከመነቀል ያዳናት በ1880ዎቹ መጨረሻ ከውጭ የገባውና በፍጥነት የሚያድገው ባሕር ዛፍ ነው። ለቤተ መንግሥት የተጀመረው ሕንፃም የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

ይህን ታሪክ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ከተማ በእንጨት እጦት ሊፈታ እንደሚችል ይህ ኮረብታ ምስክር ነው። በ1986 ዓ.ም የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛ፣ ጥድ፣ ዝግባና ኮሶ ከመንግሥትና ከክልል ደኖች እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። ለበረንዳ የመረጥናቸው እንጨቶች ከነዚሁ መካከል መሆናቸውን ልብ ይበሉ። ስለዚህ ሻጩን ስለ ዋጋው ብቻ ሳይሆን ጣውላው ከየት እንደ መጣ የሚያስረዳ ሕጋዊ ሰነድ ይጠይቁ። ሌላም አማራጭ አለ፤ ከፈረሱ አሮጌ ቤቶች የሚወጣ ጥድና ዋንዛ ለብዙ አሥርት ዓመታት የደረቀ ስለሆነ፣ ምስማሩ በጥንቃቄ ከተነቀለና ምስጥ አለመብላቱ ከታየ፣ ከአዲሱ ይልቅ የሚታመን ነው።

ከሻጩ ዘንድ ሲቆሙ

የቤት እመቤት አናጢ ባትሆንም መልካሙን ጣውላ ከክፉው መለየት አያቅታትም።

በመጀመሪያ ጣውላውን በአንድ ጫፉ ወደ ዓይንዎ አንሥተው በጠርዙ በኩል ይመልከቱ፤ የተጣመመ ከሆነ ወዲያው ይታወቃል። ቀጥሎም ጫፉን ይዩ። ጠቆር ያለው ልቡና ነጣ ያለው ውጪኛው ክፍል ይለያያሉ፤ ነቀዝና ብስባሴ የሚጀምሩት ከነጩ ነውና ነጩ የበዛበትን ይተዉት። ትልልቅ ዓይንና ረጅም ስንጥቅ ያለበትም ለመቃን አይሆንም።

ከሁሉም የሚበልጠው ድርቀቱ ነው። ለቤት የሚሆን እንጨት የሚይዘው እርጥበት ከደረቅ ክብደቱ ከመቶ 12 እጅ ገደማ ሊሆን ይገባል፤ ገና የተቆረጠ ዛፍ ግን ከዚህ ብዙ እጥፍ ውሃ ይይዛል። ቁራጭ ጣውላ ለምነው ወደ ቤት ይውሰዱ፤ በኩሽና ሚዛን መዝነው ክብደቱን ይጻፉ፤ ምድጃው አጠገብ ሙቀት በሚያገኘው ቦታ አንድ ሳምንት አቆይተው እንደገና ይመዝኑት። ክብደቱ በጣም ከቀነሰ እንጨቱ ገና እርጥብ ነው።

እርጥብ ከሆነም መጣል የለበትም። በበጋ መጀመሪያ ገዝተው፣ ከመሬት ከፍ አድርገው፣ በየጣውላው መካከል ቀጭን እንጨት እየጣሉ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር ይደርድሩት። አንድ ኢንች ውፍረት ላለው ጣውላ አንድ ዓመት መጠበቅ የቆየ የአናጢዎች ልማድ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ይህን ትዕግሥት ያጣ ቤተሰብ በሚቀጥለው ክረምት መስታወት ሲያስለውጥ ይገኛል። አናጢውም መስታወቱን አጣብቆ እንዳይገጥም ይንገሩት፤ ዙሪያውን ጥቂት ክፍተት ትቶ በስቱኮ ቢሞላው እንጨቱ ሲያብጥ መስታወቱን አይጫነውም።

በመጨረሻም በረንዳው ተሠርቶ ሲያልቅ፣ ግቢዎ ቦታ ካለው በሐምሌ ወር አንድ የጥድ ወይም የወይራ ችግኝ ይትከሉ። ወጨጫ ላይ ያየነው ጥላ ከትውልዶች በፊት በተተከለ ዛፍ የተገኘ ነውና፣ ልጆችዎ በመስታወቱ ውስጥ ሆነው ችግኙን ሲያድግ ይዩት።