የደጃችን አርማታ

በዚህ መጽሔት ላይ ስለ ፍቅር፥ ስለ ሥልጣኔና ስለ ሀገር ዕድገት የሚጽፉ ወንድሞችና እኅቶች ሞልተዋል። እኔ ግን ዛሬ የምጽፈው ስለ ሲሚንቶ ነው። አንባቢ ሆይ፥ ገጹን ለመግለጥ አትቸኩል። በነገሩ ውስጥ አንዲት አያትና አንዲት ጎረቤት አሉበት፤ የጸሐፊውም ጥፋት አለበት።

ቤታችን ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ ነው። ሠፈሩን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ የማታውቁ ደግሞ ከስድስት ኪሎ ተነሥታችሁ በእግር ስትመጡ ጉልበታችሁ መብረክረክ ሲጀምር ደርሳችኋል ማለት ነው። ጠዋት ጠዋት የባሕር ዛፍ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ጎንበስ ብለው በበራችን ያልፋሉ። ያ ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የአካባቢው ደን አልቆ ከተማው ማገዶ ባጣ ጊዜ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ተራራ እንደ መሆኑ የተቀበለውን ዝናብ ለራሱ አያስቀርም፤ ወደ ቀበና ይሰደዋል፥ ቀበናም ወደ አቃቂ ይወስደዋል። እኛ በመካከሉ የተቀመጥን ሰዎች ነን።

ከውጭው በር እስከ ቤታችን በረንዳ ያለው ርቀት 14 ሜትር፥ የዳገቱም ከፍታ 1 ሜትር ከ40 ነው። አፈሩ ቀይ ነው፤ በበጋ አቧራ፥ በክረምት ሳሙና ይሆናል። አባቴ በወጣትነቱ የገዛት አንዲት ቮልስ አለችው። ይህች ቮልስ ከሰኔ እስከ መስከረም ከበር ውጭ ታድራለች፤ አባቴም ሌሊት ሌሊት ውሻ በጮኸ ቁጥር እየተነሣ በቀዳዳ ያያታል። በዚህ ነገር ለብዙ ዘመን ስንስቅ ኖረናል።

በነሐሴ 2015 ሌሊት ግን እማማን፥ አያቴን ማለቴ ነው፥ ደረቷን አመማት። አምቡላንሱ መጥቶ ከታች መንገዱ ላይ ቆመ። እኔና አባቴ ከነፍራሿ ተሸከምናት። ከታች በኩል አጥር ለአጥር የምንዋሰናት ጎረቤታችን ነጠላዋን እንኳ በቅጡ ሳትለብስ ባትሪ ይዛ መጥታ ከፊት ከፊት ታበራልን ጀመር። እኔ በእግር በኩል ነበርሁ። ከበሩ አምስት እርምጃ ሲቀረን እግሬ ከዳኝ፤ ወደቅሁ፤ ፍራሹም ተከተለኝ። የእማማ የደረት ሕመም በሁለት ቀን ለቀቃት፤ የተሰበረው የዳሌ አጥንቷ ግን እንደ ቀድሞው ሊያቆማት አልቻለም። ከዚያ ወዲህ በተሽከርካሪ ወንበር ናት። «አንተ ነህ የጣልካት» ብሎ የተናገረኝ ሰው እስከ ዛሬ የለም፤ እርሷም ብትሆን ስለ እኔ መጫሚያ ስትጠይቅ ነበር፥ «ልጄ፥ ጫማህ ጭቃ ገባበት?» እያለች።

አባቴ ደጁን ሲሚንቶ ለማድረግ ከዚያ በፊትም አስቦ ነበር፤ ነገር ግን በ2014 ሲሚንቶ ከገበያ ጠፍቶ ዋጋው እንደ ወርቅ በተወደደ ጊዜ ሐሳቡን ትቶት ነበር። በመስከረም 2017 በሰሜን ሸዋ ለሚ ላይ ትልቁ ፋብሪካ ሲመረቅ በቴሌቪዥን አይቶ «እንግዲህ አሁን ነው» አለ። ፕላኑንም እንድሥል ለእኔ ሰጠኝ፤ በአምስት ኪሎ የሲቪል ምሕንድስና የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝና።

የዳገቱ ነገር አሰብኩበት። አንድ ሰው ብቻውን ተሽከርካሪ ወንበር እየገፋ ያለ ሥጋት እንዲወጣ ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል ይላሉ መጻሕፍቱ። ለእኛ 1 ሜትር ከ40፥ 17 ሜትር ግድም መሆኑ ነው፤ ያለን ግን 14 ነው። ስለዚህ መንገዱን በዘይቱናው ዛፍ በኩል ጠምዝዤ፥ በጎረቤታችን አጥር ሥር አዙሬ፥ 17 ሜትር አደረግሁት። ውሀ በረንዳችን ሥር እንዳይቆም ደግሞ ለእያንዳንዱ ሜትር ስፋት 2 ሳንቲም ያህል ወደ ግራ፥ ማለትም ወደ አጥሩ እንዲያዘነብል አደረግሁ። ሥዕሉ ያምር ነበር። ዛሬም በጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ አለ።

ሥራውን የያዙት ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ ግንበኛ ናቸው። ሥዕሌን ወደ ፀሐይ ዘርግተው ብዙ ካዩት በኋላ «ኢንጂነር፥ ውሀው ወዴት ነው የሚሄደው?» ሲሉ ጠየቁኝ። «ወደ ታች ነዋ ጋሼ» አልኋቸው። ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝና ወደ ቁፋሮው ሄዱ። እኔም የገባቸው መስሎኝ ነበር።

የአርማታ ሥራ ላላየ ሰው ከላይ የሚታየው ሲሚንቶ ሁሉን ነገር የሚሸከም ይመስለዋል። ነገሩ ያለው ከሥር ነው። የላይኛው አፈር፥ ሥራ ሥሩና ብስባሹ፥ ተጠርጎ ወጣ፤ 25 ሳንቲም ድንጋይ በእጅ እየተደረደረ ተደለደለ፤ በላዩ ቀይ አሸዋ ፈስሶ ውሀ ተረጭቶ ተጠቀጠቀ። ከዚያ በጣውላ ተከፈለና 8 ቁጥር ፌሮ በየ20 ሳንቲሙ ታሰረ። ፌሮ፥ አርማታ፥ ባሬላ፥ ፍራታሶ፤ ጣሊያን በአምስት ዓመት ወረራው ይዞት ሊሄድ ያልቻለው ቋንቋ ሁሉ በግንበኞቻችን አፍ ይገኛል። ሲሚንቶው ራሱ ፖርትላንድ መባሉም በ1824 እ.ኤ.አ. ጆሴፍ አስፕዲን የተባለ እንግሊዛዊ ግንበኛ ሲያስመዘግበው የሀገሩን የፖርትላንድ ደንጊያ ይመስላል ብሎ ነው።

ስፋቱ 3 ሜትር፥ ውፍረቱ 12 ሳንቲም ነው፤ በ17 ሜትር ስታባዙት ከ6 ሜትር ኩብ ትንሽ ያልፋል። 44 ከረጢት፥ ማለትም 22 ኩንታል ሲሚንቶ በላ። ልኩ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ፥ ሁለት ሳጥን አሸዋ፥ ሦስት ሳጥን ጠጠር ነው። አባቴ በኮተቤ የወዳጁን ግቢ አይቶ እንደርሱ ልሙጥ ሊሾ እንዲሆንለት ፈልጎ ነበር። ግንበኛው ግን «ሊሾ ለሳሎን ነው። እዚህ ሊሾ ካደረግን በክረምት ሁለተኛ ሰው እንሰብራለን» አሉት። ሁሉም ወደ እኔ ተመለከተ። ላዩ በመጥረጊያ ተጭሮ ሻካራ ሆነ። በየ3 ሜትሩም መለያያ ተተወለት፤ አርማታ ሲጠነክር መሰብሰቡና መሰንጠቁ ስለማይቀር የሚሰነጠቅበትን ቦታ አስቀድሞ መምረጥ ይሻላል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥፋቴ ልምጣ። በሙሌቱ ቀን የውሀው ባልዲ በእኔ እጅ ነበር። ጠዋት በሚገባ ለካሁ። ከሰዓት በኋላ ግን የቀን ሠራተኞቹ ደክመው፥ ቡኬቱም ለአካፋ ከብዶ፥ አንደኛው «ወንድሜ፥ ትንሽ ውሀ ጣል አድርግበት፤ ወገባችን ሄደ እኮ» አለኝ። ግንበኛው ከላይ ጫፍ ነበሩ። ሰዎቹ ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ናቸው፤ እኔ ባልዲ ይዤ ቆሜያለሁ፤ አፈርሁና ጨመርሁ። ደግመው ጠየቁኝ፥ ደግሜ ጨመርሁ። ደፍ አበረምስ የተባለው አሜሪካዊ በ1918 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ሕግ አለ፤ ለሲሚንቶው የሚሰጠው ውሀ በበዛ መጠን አርማታው ይደክማል ይላል። ትርፉ ውሀ ሲተን ባዶ ቀዳዳ ትቶ ይሄዳልና። ይህን ሕግ በፈተና ጽፌ ሙሉ ነጥብ አግኝቼበታለሁ። ያ የላላው ክፍል ከበሩ አጠገብ ያለው የመጨረሻው ሁለት ሜትር ነው።

በማግሥቱ የጎረቤታችን ዶሮ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄዳበት ተገኘች፤ ዱካዋ ዛሬም አለ፤ አንድ የባሕር ዛፍ ቅጠልም እንደ ማኅተም ታትሞ ቀርቷል። እማማ ዱካውን አይታ «ከእኔ በፊት ዶሮዋ መረቀችው» ብላ ሳቀች።

ቀጥሎ የመጣው የውሀ ጭንቀት ነው። አርማታ የሚጠነክረው ደርቆ ሳይሆን ሲሚንቶው ከውሀ ጋር ተዋሕዶ ነው፤ ስለዚህ ቢያንስ ለሰባት ቀን እርጥበቱ ሊጠበቅለት ይገባል። በእኛ ሠፈር ደግሞ ውሀ በፈረቃ ነው የሚመጣው፥ እርሱም ሌሊት። የጥር ፀሐይና የእንጦጦ ነፋስ እየተጋገዙ ያጠጣነውን ሁሉ ይመጡታል። ጭድና ጆንያ አለበስነው፤ አባቴ በቀን አራት ጊዜ ያጠጣዋል፤ እናቴ በሮቶው ቧንቧ አጠገብ ቆማ ባልዲ ትቆጥራለች። «ልብስ ሳይታጠብ ድንጋይ ውሀ ይጠጣል?» ትላለች እማማ። በአምስተኛው ቀን ሮቶው ባዶ ሲሆን ያቺው የታችኛዋ ጎረቤታችን ሁለት ጀሪካን ይዛ መጣች፤ «ለዚያ ለምታጠጡት ሕፃን» ብላ።

እማማ በየካቲት ወር ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ጀርባ ላይ ሳትታዘል ከበር ወጣች። እኔ ነበርሁ የምገፋት። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ባዶውን ወንበር እየገፋሁ ወጥቼ ወርጄ ሞክሬዋለሁ፤ ይህን ለማንም አልተናገርሁም።

በሚያዝያ የበልግ ዝናብ መጣ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በረዶ ቀላቅሎ ጣለ፤ እኛም በረንዳ ላይ ቆመን አርማታችን ታጥቦ ሲያበራ እያየን ደስ አለን። ቮልሷም ግቢ ውስጥ ነበረች። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ጎረቤታችን ቡና መምጣት ተወች። አንድ ቀን ቀረች፤ ሁለት ቀን ቀረች፤ በሦስተኛው ቀን እናቴ ስኒውን ደርድራ ሳትቀዳ ተነሣችና ወደ ታች ሄደች። ስትመለስ አጠገቤ ተቀመጠች። «ውሀው እርሷ ቤት ነው የገባው» አለችኝ።

ሄጄ አየሁ። ቤቷ የጭቃ ቤት ነው። በአጥሩ በኩል ያለው ግድግዳ ከሥሩ እስከ ጉልበት ድረስ ርሶ ምርጉ ተንዷል፤ ጤፍ የያዘው ጆንያ ታች በኩል ሻግቷል። «እግዜር ያመጣው ነው ልጄ፥ ዝናብ አይደል?» አለችኝ። ዝናቡ ዝናብ ነው፤ ሥዕሉ ግን የእኔ ነው። ማታ ተቀምጬ ያኔ ማስላት የነበረብኝን አሰላሁ። በአንድ ሰዓት 30 ሚሊሜትር ቢዘንብ፥ ይህ ለእኛ ተራራ ብርቅ አይደለም፥ 51 ሜትር ካሬ አርማታችን 1,530 ሊትር ይሰበስባል፤ 80 ሜትር ካሬ ጣራችን ደግሞ አሸንዳ ስላልነበረው በዚያው ላይ 2,400 ሊትር ያወርዳል። በአንድ ሰዓት 20 በርሜል ሊሞላ ትንሽ የቀረው ውሀ ነው። ድሮ አፈሩ የሚችለውን ያህል ይጠጣ ነበር፤ የቀረውም ቀጥታ ወደ በሩ ይፈስ ነበር። እኔ ለእማማ መንኰራኵር ስል ጠምዝዤ፥ ወደ ግራ አዘንብዬ፥ ሰብስቤ ሰጠኋት። ያዘነበልሁት ከቤታችን እንዲርቅ ነበር፤ ርቆ የት እንደሚያርፍ ግን ግንበኛው እንኳ ጠይቀውኝ አልሰማሁም።

ግንበኛው ተመልሰው መጡ። አልወቀሱኝም፤ «ታዲያ ቀድሞ ብነግርህ ፕላን አይደለም ወይ ትለኝ ነበር» አሉኝ ብቻ። ለበር ቀለም ተቀምጦ የነበረው ገንዘብ ወጣ። በአጥሩ ጥግ ርዝመቱን ሙሉ፥ በበሩም ሥር በአግድሙ 30 ሳንቲም ስፋት ቦይ እንዲወጣ አርማታው በመዶሻና በመሮ ተሰበረ። ላይኛው ክፍል ሦስት ቀን ፈጀ፤ መሮው እየዶለዶመ። በሩ አጠገብ ስንደርስ ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈረፈረ። ግንበኛው ከስብርባሪው አንዱን አንሥተው በሁለት ጣታቸው አደቀቁትና አዩኝ። «እዚህ ጋ ባልዲውን የያዘው ማን ነበር?» አሉ። ነገርኋቸው።

ቦዩ ወደ መንገዱ ቱቦ ወረደ፤ ጣራውም አሸንዳ አግኝቶ ውሀው ወደ ሮቶ ገባ፤ እናቴ አሁን በክረምት ባልዲ አትቆጥርም። በበሩ ሥር ያለው ቦይ ላይ የብረት ፍርግርግ አደረግን፤ የእማማ ወንበር ትናንሽ የፊት እግሮች በመካከሉ እንዳይሰነቀሩ ብረቶቹ በአግድም እንዲሆኑ ብየዳ ቤት ሄጄ ሁለት ጊዜ አስለወጥሁ።

የጎረቤታችንን ግድግዳ የመረግነው እኔና አባቴ ነን። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ ከሁለት ሳምንት በላይ መቡካት ነበረበት፤ እኔ ግን የጭቃ ምርጊት በአምስት ኪሎ አልተማርሁም። እርሷ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ታዝዘናለች። ጭቃውን ለማላላት ጣሳውን ሳነሣ «ተው እንጂ፥ ውሀ አታብዛበት!» ብላ ጮኸችብኝ፤ አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ሳቀ።

ቡናው ተመልሷል። ግድግዳው ግን በስተጥጉ በኩል ክረምቱን ሙሉ አልደረቀም፤ በመስከረም ገና እጄን ሳስደግፍበት ይቀዘቅዝ ነበር።