ከሻርክ ጋር ዋኘህ አሉ

ከጅቡቲ ከተመለስኩ ወዲህ የማገኘው ሰው ሁሉ ሰላምታውን ሳይጨርስ «ከሻርክ ጋር ዋኘህ አሉ» ይለኛል። ቀጥሎ ዓይኑ ወደ እጄና ወደ እግሬ ይወርዳል። የጎደለ ነገር እንደሌለ ሲያረጋግጥ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽ ቅር የሚለውም አልጠፋም።

አልፈርድባቸውም። ደገኛና ውኃ ምን አገናኛቸው? እኛ ሰፈር ወንዝ ወርዶ የዋኘ ልጅ ማታ ቀበቶ ይጠብቀው ነበር። ብንክድም አያዋጣንም። እናቶቻችን ክንዳችንን በጥፍራቸው ጫር ያደርጉና ነጭ መስመር ከወጣ ምስክር አያስፈልግም፤ ዋኝተናል ማለት ነው። «እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውኃ» እያለ የሚተርት ሰው ልጁን ዋና ያስተምራል ብሎ መጠበቅም ይከብዳል። ባሕርን የምናውቀው በዮናስ ታሪክ ነው፤ ሻርክን ደግሞ በቪዲዮ ቤት። የስቲቨን ስፒልበርግ «ጆውስ» እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣ ፊልም ነው፤ እኛ ሰፈር ሲደርስ አርጅቶ ነበር። ቢሆንም ያየን ሰሞን የሳፋ ውኃ እንኳ አላመንንም። ፊልሙ የተሠራበትን ልብ ወለድ የጻፈው ፒተር ቤንችሌይ ኋላ ላይ ሻርኮችን እንዲህ በማስፈራቱ ተጸጽቶ፣ ቀሪ ዕድሜውን ለእነሱ ሲሟገት ነው የኖረው። ይኼኛው ወሬ ግን ቪዲዮ ቤታችን አልደረሰም።

ጅቡቲ የሄድኩት ለሥራ ነው፤ ጥር 2017 ዓ.ም.። ሥራው ሐሙስ ማታ አለቀ፤ አርብ እዚያ የዕረፍት ቀን ነው። ያረፍኩበት ቤት ሰዎች ከአንድ ጠላቂ ጋር አገናኙኝ። ጅቡቲያዊ ነው፤ እንደ ብዙዎቹ የአገሩ ሰዎች አማርኛን ከዘፈንና ከድሬዳዋ ዘመዶቹ ለቃቅሟል። ስሜን ነግሬው ነበር፤ እስከምንለያይ ድረስ ግን «ሐበሻ» እያለ ነው የጠራኝ።

አርብ ሙሻ ደሴት አጠገብ የአየር ሲሊንደር አሸክሞ ውኃ ውስጥ ከተተኝ። 10 ሜትር ስትወርድ ሰውነትህ ላይ የሚያርፈው ግፊት ላይ ላዩን ካለው እጥፍ ይሆናል። ጆሮህ እንዳይታመም አፍንጫህን ይዘህ ቀስ ብለህ ትነፋለህ። የሁሉም ቁንጮ የሆነው ሕግ ግን ትንፋሽህን እንዳትይዝ የሚለው ነው። ወደ ላይ ስትወጣ ደረትህ ውስጥ የያዝከው አየር እየሰፋ ሄዶ ሳንባህን ሊቀደው ይችላል። እንግዲህ ፍረዱኝ፤ ደገኛ ውኃ ሲነካው መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ቢኖር ትንፋሹን መያዝ ነው! ጠላቂው ደረቴን በጣቱ መታ መታ እያደረገ «ተንፍስ» ሲለኝ ዋለ። አንዲት የባሕር ኤሊ ዞር ብላ አየችንና እንደ መንደር ሽማግሌ ሳትቸኩል መንገዷን ቀጠለች።

ቅዳሜ ወደ አርታ ባሕር ዳርቻ ሄድን። ሲሊንደሩ ቀረ። እዚያ የሚታየው ዌል ሻርክ የሚመገበው ላይ ላዩን ስለሆነ መነጽር፣ የመተንፈሻ ቱቦና የእግር መቅዘፊያ ይበቃሉ። ለእኔ ብጤው ደግሞ ብርቱካንማ የሕይወት አድን ጃኬት ይጨመራል። ስሙ ዓሣ ነባሪ ቢያስመስለውም ሻርክ ነው፤ በዓለም ላይ ካሉት ዓሦች ሁሉ ትልቁ። 18 ሜትር የሚደርስ አለ። ወደ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ የሚመጡት ግን አብዛኞቹ ገና ወጣቶች ናቸው፤ ከ3 እስከ 7 ሜትር ቢሆኑ ነው። ከኅዳር ጀምሮ ባሉት የብርድ ወራት ባሕሩ ላይ የሚበዙትን፣ በዓይን የማይታዩና ለጥቂት የሚታዩ ነፍሳት እየተከተሉ ነው የሚመጡት። ይኼ ሁሉ ግዙፍ አካል የሚኖረው ውኃ በማጥለል ነው። ቢፈልግም ሰው መዋጥ አይችልም፤ ጉሮሮው ጠባብ ነው።

ይኼንን ሁሉ ጀልባ ላይ ሆኜ ሰምቻለሁ። ውኃ ውስጥ ስገባ ግን ዕውቀቴ ጀልባው ላይ ቀረ። መጀመሪያ ያየሁት አፉን ነው፤ ሰፌድ የሚያክል፣ ወደ እኔ የተከፈተ አፍ። ትንፋሼን ያዝኩ። እግሬ መቅዘፉን ረሳ። ቢያንስ 3 ሜትር ራቁ ተብለን ነበር፤ እኔ ልርቅ ቀርቶ ዞር ማለትም አልቻልኩም። ዘወር ያለው እሱ ነው። ትንሽ ጎንበስ አለና ከሥሬ ገብቶ ያልፍ ጀመር። ማለፉ ማለቂያ አልነበረውም። ከአፉ ጥግ ያለችው ትንሽ ዓይኑ ቆይታ አየችኝ፤ ከዚያ ጥቁር ጀርባው፣ ጀርባው ላይ የተበተነው ነጭ ነጠብጣብ፣ በመጨረሻም ከቁመቴ የማያንስ ጅራቱ። ማዳጋስካሮች «ብዙ ኮከብ» የሚል ስም አውጥተውለታል። አልተሳሳቱም። የአንዱ ነጠብጣብ ከሌላው ስለማይመሳሰል፣ አጥኚዎች እያንዳንዱን ለይተው የሚያውቁት ለሥነ ፈለክ በተሠራ፣ ኮከብ ከኮከብ በሚያዛምድ የሒሳብ ስልት ነው።

የጀርባው ክንፍ ጫፉ ተቆርጧል። ጀልባ ላይ ስንወጣ ጠላቂውን ጠየቅኩት። «ሞተር» አለኝ። እንደ እኔ ዓይነቱን ጎብኚ ይዘው የሚሯሯጡ ጀልባዎች መዘውር ነው የሚቆርጣቸው። ሻርክ ሳይተነኮስ አጥቅቶ የሚገድለው ሰው በመላው ዓለም በዓመት በአማካይ ከአሥር አይሞላም። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት ደግሞ ሰው በዓመት የሚገድለውን ሻርክ ወደ 100 ሚሊዮን ገምቶታል።

ስንመለስ ጠላቂው በእጁ ወደ ሰሜን አመለከተኝ። «ኦቦክ» አለ። ቀጥሎ እንደ ዋዛ፣ «ሐበሻ ሁለት ዓይነት ነው የሚመጣው። አንዱ በመኪና፣ አንዱ በእግሩ። በእግሩ የሚመጣውም ውኃው ጋ ሲደርስ የሚጠይቀኝ ሻርክ አለ ወይ ብሎ ነው።»

ዝም አልኩ። የአክስቴ ልጅ በእግራቸው ከመጡት አንዱ ነው። በ2013 ዓ.ም. ከወሎ ተነስቶ፣ ዋና ሳይችል፣ ከኦቦክ በኩል በሌሊት ተሻገረ። ደላሎቹ ጀልባው ላይ አጨናንቀው ከጫኗቸው በኋላ «የተነቃነቀ ለሻርክ ይጣላል» አሏቸው። ሌሊቱን ሙሉ ጉልበቱን አቅፎ ውኃውን ሲያይ እንዳደረ በስልክ ነግሮኛል። በዚያው ዓመት በየካቲት 200 ያህል ሰው የጫነ ጀልባ ከጅቡቲ ተነስቶ ብዙም ሳይርቅ፣ ሰው በዝቷል ብለው 80 ያህሉን ወደ ባሕር ወረወሯቸው፤ ቢያንስ 20 ሞቱ። በ2016 ዓ.ም. ከየመን ወደ ጅቡቲ ሲመለሱ የነበሩ ሁለት ጀልባዎች በሁለት ሳምንት ልዩነት ተገልብጠው ቢያንስ 60 ሰው አለቀ። በመስከረም 2017 ደግሞ እንደገና በግድ ወደ ባሕር እንዲዘሉ ተደርገው ከ40 በላይ ሰጠሙ። በአንዱም ላይ ሻርክ የለበትም።

እንደተመለስኩ አክስቴ ዘንድ ሄድኩ። ልጇ አሁን ሳዑዲ ነው፤ በወር አንድ ጊዜ ይደውላል። ስልኬን አውጥቼ ቪዲዮውን አሳየኋት። ይፈራው የነበረው አውሬ ምን ያህል የዋህ እንደሆነ ብታይ ቀለል ይላት ይሆናል ብዬ ነበር። መነጽሯን አደረገችና ቀርባ አየች። ሻርኩ መጥቶ አለፈ።

«መልስልኝ እስቲ» አለች።

መለስኩላት። ጣቷን ስልኩ ላይ አሳርፋ አስቆመችኝ።

«ይኼ ደረትህ ላይ ያለው ብርቱካን መሳይ ምንድን ነው ልጄ?»

«ጃኬት ነው እትዬ። እንዳልሰጥም ነው። ዋና ስለማልችል።»

«ይኼን ለብሶ የገባ አይሰጥምም?»

«አይሰጥምም።»

ጥቂት ቆየች። ዓይኗን ከስልኩ አላነሳችም።

«ስንት ብር ነው?» አለችኝ።

ዋጋውን አላውቀውም። ያዋሱኝ ነበር።