ገበጣ ገበታ አይመርጥም

ጨዋታ ከቦታ ወደ ቦታ የሚሻገር ነገር መሆኑን ለማወቅ የኮምፒዩተር ትምህርት አያስፈልግም። እረኛው መሬቱን በተርታ ጎድጎድ ጎድጎድ አድርጎ ምሶ በጠጠር ገበጣ ይጫወታል፤ የከተማው ሰው ገበታ አስፈልፍሎ በፍሬ ይጫወታል፤ በእኛ ዘመን ደግሞ ቅኔ ጌምስ የተባለ የአዲስ አበባ ድርጅት ይህንኑ ገበጣ በስልክ እንድንጫወተው አድርጎታል። መሬቱ ቀርቶ ዕንጨት መጣ፥ ዕንጨቱ ቀርቶ መስተዋት መጣ፤ የጨዋታው ሕግ ግን ያው ነው። ገበጣ የእረኛው ነው ወይስ የዕንጨት ጠራቢው ብሎ የተካሰሰ ሰውም እስከ ዛሬ አልሰማንም።

ይህን ያስቀደምነው በከንቱ አይደለም። ልንጽፍ የተነሣነው ስለ አንድ ደስታችን ነው፤ እርሱም ለዊንዶውስ ብቻ ተሠርተው የነበሩ የኮምፒዩተር ጨዋታዎች ወደ ሊኑክስ እየተሻገሩ መምጣታቸው ነው። «አገሪቱ ስንት ጣጣ እያለባት ተማሪ ቁጭ ብሎ ስለ ጌም ይጽፋል?» የሚሉ ወንድሞችና እኅቶች እንዳሉን እናውቃለን። መልሳችን አጭር ነው፤ አንብባችሁ ጨርሱና ፍረዱ። አንድ ጨዋታ ከተሠራበት ማሽን ወጥቶ በሌላ ማሽን ላይ እንዲሠራ የሚፈቀድበትና የሚከለከልበት ምክንያት፥ ድኃ አገር የሥልጣኔን በረከት የሚካፈልበትና የሚነፈግበት ምክንያት ነው ብለን እናምናለን።

እኛ በኮዬ ፈጬ የጋራ መኖሪያ ቤቶች አራተኛ ፎቅ ላይ ተዳብለን የምንኖር ሦስት የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ነን። ኮዬ ፈጬ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፥ ብሎክ ከብሎክ ኋላ የተደረደረበት ሰፊ ሰፈር ነው። ጠዋት የታክሲው ወረፋ፥ ማታ የመንገዱ ርዝመት ስለሚያደክመን ከተማ ወርዶ ሲኒማ መግባት ለእኛ የሚታሰብ አይደለም። በሰፈሩ ጌም ቤት አለ፤ ነገር ግን የሚከፈለው በግጥሚያ ስለሆነ የተሸነፈ ተማሪ ከኪሱም ከክብሩም ይጎድላል። ስለዚህ መዝናኛችን ለሦስት አዋጥተን የገዛነው አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ነው፤ ራሙ 4 ጊጋ ባይት ሲሆን፥ ባትሪውም መብራት ሲጠፋ ሻማ እስክንለኩስ ድረስ ብቻ ይታገሣል።

እንዲህ ያለው ላፕቶፕ ዛሬ ሞት ተፈርዶበታል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ተተኪው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲ.ፒ.ኤም. 2.0 የሚባል የደኅንነት ክፍልና ዕድሜው ያልገፋ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። ገንዘብ ያለው ሰው አሮጌውን ጥሎ አዲስ ይገዛል። እኛ ግን አሮጌውን ይዘን ሌላ አስተዳዳሪ ፈለግንለት፤ እርሱም ሊኑክስ ነው። ለማያውቁት ባጭሩ ለማስረዳት፥ ሊኑክስ እንደ ዊንዶውስ ሁሉ ኮምፒዩተሩን የሚያስተዳድር ሥርዓት ሲሆን፥ የሚለየው ሶርስ ኮዱ፥ ማለት የተጻፈበት ትእዛዝ፥ ለሁሉ ክፍት በመሆኑና በነፃ በመገኘቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው የ21 ዓመቱ ሊነስ ቶርቫልድስ ነው። አንድሮይድ ስልክም የቆመው በዚሁ በሊኑክስ አስኳል ላይ ስለሆነ፥ «ሊኑክስ የሚባል ነገር አላውቅም» የሚል አንባቢ ምናልባት ሳያውቀው በኪሱ ይዞት ይዞራል።

ችግሩ የመጣው ከጨዋታው ላይ ነበር። ማናቸውም ጨዋታ ሲሠራ «ሥዕል ሣልልኝ፥ ድምፅ አሰማልኝ፥ ፋይል ክፈትልኝ» እያለ አስተዳዳሪውን ያለ ዕረፍት ይጠይቃል። ለዊንዶውስ የተሠራ ጨዋታ የሚጠይቀው በዊንዶውስ ቋንቋ ስለሆነ ሊኑክስ አይገባውም። ይህን ለማሻገር ሁለት የታወቁ መንገዶች አሉ፤ ለእኛ ለቋንቋ ተማሪዎች ሁለቱም እንግዳ አይደሉም። አንደኛው መጽሐፍ እንደ መተርጎም ያለ ነው፤ ባለሙያው የጨዋታውን ኮድ ይዞ ይቀመጥና ለአዲሱ አስተዳዳሪ እንዲስማማ አድርጎ እንደገና ያበጀዋል። ሁለተኛው አስተርጓሚ እንደ ማቆም ያለ ነው፤ ጨዋታው እንዳለ ሆኖ፥ በመካከል የቆመው አስተርጓሚ ጥያቄውን ሁሉ እየሰማ እዚያው በዚያው ለሊኑክስ ይነግረዋል።

የመጀመሪያው መንገድ ክቡር ነው፤ ግን ወጪው ብዙ ነው። ሎኪ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1998 በዚህ ሥራ ለመኖር ተቋቁሞ፥ በ1999 «ሲቪላይዜሽን፥ ኮል ቱ ፓወር» የተባለውን ጨዋታ አሻገረ፤ ሌሎችንም አስከተለ። ገበያው ግን አልያዘለትምና በ2002 መጀመሪያ ላይ ተዘጋ። ከእርሱ በኋላ የመጣው አስፓየር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 «ሲቪላይዜሽን 5»ን ወደ ሊኑክስ አሻገረ። ይህ ጨዋታ እኛን የሚመለከት ምሥጢር አለው። በ2012 በወጣው ተጨማሪ ክፍል ኢትዮጵያ ከዓለም ሥልጣኔዎች አንዷ ሆና ገብታለች፤ መሪዋም አፄ ኃይለ ሥላሴ ሲሆኑ የሚናገሩት በአማርኛ ነው። ከእኛ የተሻለ ላፕቶፕ ያለው የፎቅ ጎረቤታችን ቤት ተሰብስበን፥ የፈረንጅ ጨዋታ በቋንቋችን ሲናገር የሰማን ዕለት ለጊዜው መጫወቱን ትተን ዝም ብለን ተያየን።

ሁለተኛው መንገድ ረዥም ትዕግሥት የጠየቀ ነው። ዋይን የሚባለው አስተርጓሚ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። ብዙ ዓመት ሙሉ በጎ ፈቃደኞች ሲለፉበት ቆይተው፥ በ2018 ቫልቭ የተባለው ኩባንያ በእርሱ ላይ ተመሥርቶ ፕሮቶን የሚባለውን አወጣ፤ በ2022 ደግሞ በሊኑክስ የሚሠራ ስቲም ዴክ የተባለ የእጅ መጫወቻ ለገበያ አቀረበ። ከዚያ ወዲህ ሠሪዎቹ ስለ ሊኑክስ አስበው የማያውቁ እጅግ ብዙ ጨዋታዎች በሊኑክስ ላይ ይሠራሉ። «ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2» አንዱ ነው። ይህ የዊንዶውስ ባለቤት የሆነው የማይክሮሶፍት ጨዋታ ሲሆን፥ በ2015 በወጣው የአፍሪካ መንግሥታት ክፍል ኢትዮጵያውያን ገብተውበታል፤ የዮዲት ዘመቻ አለው፥ ሾተል የያዘ ጦረኛ አለው፥ ገበሬውን ጠቅ ሲያደርጉት በአማርኛ ይመልሳል። ይህ ገበሬ በዊንዶውስ እንዲያርስ ተፈጥሮ ሳለ፥ በአስተርጓሚ ብርታት የሊኑክስን መሬት ሲያርስ ማየት ለእኛ የሚያስደስት ነገር ነው።

ደስታችን ግን ዓይናችንን አይጋርደውም። ፕሮቶን የሚያገለግለው ሱቅ ስቲም ሲሆን፥ ይህ ሱቅ ብር አይቀበልም፤ ጎረቤታችን ጨዋታውን ያገኘው ከአሜሪካ ለዕረፍት የመጣ የአጎቱ ልጅ በዶላር ስለ ገዛለት ነው። አጎት በአሜሪካ የሌለው ተማሪስ? ከዚህም በላይ አስተርጓሚው የማይፈቀድለት ቤት አለ። አጭበርባሪ ተጫዋችን ለመያዝ የሚቆሙ ዘበኞች አሉ፤ አንዳንዶቹ በሊኑክስ የመጣውን ሁሉ ከበር ይመልሳሉ። ወጣቱ ሁሉ የሚወድደው «ኢ.ኤ. ስፖርትስ ኤፍ.ሲ.» በኮምፒዩተር ላይ እንዲህ ያለ ዘበኛ አለው። «ኤፔክስ ሌጀንድስ» ደግሞ ለሊኑክስ ተጫዋቾች ክፍት ሆኖ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ በሩን ዘጋ። በሌላ ሰው ፈቃድ የተከፈተ በር በሌላ ሰው ፈቃድ ይዘጋል ማለት ነው።

እንግዲህ ከሁለቱ የሚበልጥ ሦስተኛ መንገድ አለ፤ እርሱም ደራሲው ረቂቁን ለሕዝብ ሲሰጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው «ዱም» ሶርስ ኮዱ በ1997 ስለ ተለቀቀ፥ ከዚያ ወዲህ ያልገባበት ማሽን የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌ ግን «ሲም ሲቲ» ነው። ዊል ራይት እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጣው ይህ ከተማ የመቆርቆር ጨዋታ ባለቤቱ የሆነው ኢ.ኤ. ኩባንያ ለድኃ አገር ሕፃናት ለተሠራው ኤክስ ኦ ለተባለው ትንሽ ላፕቶፕ ሰጠው፤ በ2008ም ሶርስ ኮዱ «ማይክሮፖሊስ» በሚል ስም ለሁሉ ተከፈተ። ኤክስ ኦ የሚሠራው በሊኑክስ ነበር፤ በኢትዮጵያም ከ2008 ጀምሮ በሺህ የሚቆጠሩ ለተማሪዎች ታድለዋል። ዛሬ የኳስ ጨዋታውን በዘበኛ የሚያስጠብቀው ኩባንያ ያን ጊዜ ከተማውን በሙሉ ለሕፃናት መስጠቱን ልብ በሉ።

ማይክሮፖሊስ በእኛ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ እንደ ልቡ ይሮጣል። ሰፈር ይመራሉ፥ መንገድ ይዘረጋሉ፥ የመብራት መሥመር ይስባሉ። መብራት ያልደረሰው ሰፈር ላይ የመብረቅ ምልክት ብልጭ ድርግም ይላል፤ ሰውም አይገባበትም። እኛ ኮዬ ፈጬ የምንኖር ሰዎች ግን የሚመጣውን ሳንጠብቅ ገባን! በዚህ ነጥብ ከጨዋታው ሕዝብ ይልቅ እኛ ታጋሾች መሆናችንን ከመስኮት ወደ ውጭ እያየን ተስማምተናል።

«ፍሪሲቭ»ም እንደዚሁ ነው። በዴንማርክ የኦርሁስ ዩኒቨርሲቲ ሦስት ተማሪዎች «ሲቪላይዜሽን»ን የሚመስል ጨዋታ ራሳቸው ጽፈው እ.ኤ.አ. በ1996 ከነኮዱ በነፃ ለቀቁት። ሎኪ በገንዘብ ዕጦት ሲዘጋ ፍሪሲቭ አልተዘጋም፤ የሚከስር ባለቤት የለውምና። ሊነስ ተማሪ ነበረ፤ እነዚህም ተማሪዎች ነበሩ። ይህን የምናነሣው ራሳችንን ለመውቀስ ሳይሆን፥ ነገሩ ለዕድሜያችን የማይደርስ ተአምር አለመሆኑን ለማሳየት ነው።

«ይህ ሁሉ የጨዋታ ወሬ ነው» ለሚሉን ደግሞ ፊደላችንን እንጥራ። ዩኒኮድ ሳይስፋፋ በፊት ቪዥዋል ግዕዝም ሆነ ፓወር ግዕዝ ለፊደላችን የየራሳቸውን የውስጥ ቁጥር ሰጥተውት ነበር። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ ያ ፎንት በሌለው ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት «ሀ» የነበረው የላቲን ጭረት ይሆናል። ሰው በገዛ ቋንቋው የጻፈው ጽሑፍ የአንድ ፎንት እስረኛ ነበር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችን በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ውስጥ ለሁሉ የታወቀ ቁጥር ሲያገኝ ግን፥ ዊንዶውስ ቢሉ ሊኑክስ፥ ላፕቶፕ ቢሉ ስልክ፥ ሁሉም «ሀ»ን «ሀ» ብሎ የሚያነብበት መንገድ ተከፈተ። ያን ጊዜ የተሻገረው ጨዋታ ሳይሆን እኛው ራሳችን ነበርን። ስለዚህ የመሻገርን ነገር እንደ ቀልድ ልናየው አይገባንም።

ታዲያ ምን እናድርግ? ኮድ መጻፍ የሚችሉት የሳይንስ ወንድሞችና እኅቶቻችን ድርሻቸውን ያውቃሉ። የእኛም የቋንቋ ተማሪዎች ድርሻ ትንሽ አይደለም። ክፍት የሆኑ ጨዋታዎች ጽሑፋቸው የሚተረጎመው በበጎ ፈቃደኞች ነው፤ ፋይሉን አውርዶ ለመሥራት የማንም ፈቃድ፥ ዶላርም አይጠይቅም። እኛ «ዌስኖዝ» የተባለውን የጦርነት ጨዋታ ይዘን በማታ በማታ ጀምረናል። ባለ ጦሩ፥ ቀስተኛውና ፈረሰኛው አላስቸገሩንም። «ሌፍተናንት» ላይ ስንደርስ ግን አንዳችን መቶ አለቃ ይባል፥ ሌላችን ግራዝማች ይባል ብለን እስከ እኩለ ሌሊት ተሟገትን። የግራዝማች ወገን ያሸነፈው፥ ጨዋታው የጥንት ጦር ስለሆነ የጥንት ማዕርግ ይገባዋል በሚል ክርክር ነው። ፊታውራሪ፥ ቀኛዝማች፥ ግራዝማች፥ ደጀን፥ ግንባር፤ ሠራዊትን በቦታ በቦታው የሚያሰልፍ ይህን ያህል ቃል ያለው ቋንቋ ለጦርነት ጨዋታ አይሆንም የሚል ካለ ይምጣና ይከራከረን።

የምንለው ይህ ነው። ጨዋታውን ለሚያሻግሩት ኩባንያዎች ምስጋና ይድረሳቸው፤ ነገር ግን የተከፈተ ኮድ ከተከፈተ ሱቅ ይበልጣል። ሱቁ ሲዘጋ እኛ ውጭ እንቀራለን፤ ኮዱ ሲከፈት ግን 4 ጊጋ ባይት ያለው አሮጌ ላፕቶፕም ገበታ ይሆናል። በኮዬ ፈጬም ሆነ በሌላ ሰፈር በአማርኛ ሊደክም የሚወድድ ተማሪ ካለ፥ በመጽሔቱ ዝግጅት ክፍል በኩል ይጠይቀን። የሚጠብቁት ገና ያልተተረጎሙ ብዙ መስመሮች ናቸው፤ የፈረሰኛው አለቃም እስከ አሁን ማዕርግ አላገኘም።