ቁጢጥ የሚል ልጅ

የሕፃን ከንፈር ሲጠቁር «ብርድ መትቶት ነው» ማለት፥ ሩጫ ሲያቅተው ደግሞ «ዓይን በልቶት ነው» ማለት በየቤታችን የቆየ ልማድ ነው። እንዲህ የሚለው ሰው ክፉ አሳቢ አይደለም፤ ከአባቶቹ የሰማውን ይናገራል እንጂ። ዳሩ ግን ልጁ ከሐኪም ፊት ሳይቀርብ ዓመታት የሚያልፉት በዚሁ መልስ ምክንያት ስለ ሆነ፥ ስለ ነገሩ ጥቂት መጻፍ ተገቢ ሆኖ አገኘሁት።

የምኖረው ከአስኮ አለፍ ብሎ በአምቦ መንገድ በኩል ባለው በሳንሱሲ ሰፈር ነው። ስሙ በፈረንሳይኛ «ያለ ሐሳብ» ከሚለው አነጋገር ጋር በድምፅ አንድ ነው፤ ጎረቤቴ ግን ያለ ሐሳብ አድራ አታውቅም። የስድስት ዓመት ልጅዋ ከእኩዮቹ ጋር ጥቂት ከሮጠ በኋላ ቆም ይልና ቁጢጥ ይላል፤ ጉልበቱን በደረቱ ላይ አጥብቆ ትንፋሹን እስኪሰበስብ ይቆያል። ልጆቹ «ሰነፍ» ይሉታል።

ስንፍና ግን አይደለም። ሕመሙ የፋሎ ቴትራሎጂ ይባላል፤ አራቱን የልብ ጉድለቶች አንድ ላይ አድርጎ በ1888 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በገለጸው በፈረንሳዊው ሐኪም በፋሎ ስም የተጠራ ነው። በሁለቱ የታችኛው ልብ ክፍሎች መካከል ቀዳዳ አለ፤ ወደ ሳንባ የሚያደርሰው መንገድ ጠባብ ነው፤ ዋናው የደም ቧንቧ በቀዳዳው ላይ ተንፈራጥጦ ይቀመጣል፤ የቀኙ ክፍል ጡንቻም ከጠባቡ መንገድ ጋር ሲታገል ይወፍራል። ስለዚህ ያልጠራ ደም ወደ ሰውነት ያልፋል። ልጁ ቁጢጥ ሲል የእግሩ የደም ሥሮች ስለሚጨመቁ፥ ወደ ሰውነት ያመልጥ የነበረው ደም በመጠኑም ቢሆን ወደ ሳንባው ለመሄድ ይገደዳል። ይህን ዘዴ ማንም አላስተማረውም፤ ሰውነቱ ራሱ ያገኘው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1944 ዶክተር አልፍሬድ ብሌሎክ በዶክተር ሄለን ታውሲግ አሳብ በባልቲሞር ከተማ ለእንደዚህ ያለ ሕፃን ኦፕራሲዮን አደረገ፤ ወደ ክንድ የሚሄደውን የደም ሥር ከሳንባው ጋር አገናኘው። ዘዴውን አስቀድሞ በውሾች ላይ ያጠናው የሕክምና ዲፕሎማ ያልነበረው ጥቁሩ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ቪቪየን ቶማስ ሲሆን፥ በዕለቱም ከብሌሎክ ኋላ ቆሞ ይመክረው ነበር። በ1954 ደግሞ ዶክተር ዋልተን ሊለሃይ በሚኒሶታ ጉድለቱን በሙሉ ጠገነው። በዚያን ጊዜ ልቡ ተከፍቶ ሲሰፋ የሕፃኑን ደም በራሱ ሰውነት አሳልፎ የሚያጠራለት ሌላ ሰው፥ ብዙ ጊዜም ወላጁ ነበር። ዛሬ ይህን ሥራ መኪና ይሠራዋል።

ወደ አገራችን እንመለስ። ዶክተር በላይ አበጋዝ የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃውን በ1989 መሠረቱ። በመጀመሪያ ሕፃናቱ ወደ ውጭ አገር እየተላኩ ይታከሙ ነበር፤ በ2009 ግን በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የልብ ማዕከል ተከፈተ። ከውጭ የሚመጡ ሐኪሞች ከእኛዎቹ ጋር እየሠሩ፥ ቀስ በቀስም ኢትዮጵያውያን ራሳቸው ልብ እየከፈቱ የሚጠግኑበት ቦታ ሆነ።

ሆኖም ተራ የሚጠብቁት ሕፃናት በሺህ የሚቆጠሩ ናቸው፤ ሕመሙ ደግሞ ተራ አይጠብቅም። ሰውነት ኦክሲጂን ሲያጥረው ቀይ የደም ሕዋሳትን ያበዛል፤ ደሙ ይወፍራል፤ የረጋ ደምም ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል። በበለጸጉት አገሮች ይህ ልብ አብዛኛውን ጊዜ ሕፃኑ ዓመት ሳይሞላው ይጠገናል፤ በእኛ ዘንድ ግን ብዙዎቹ ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት ለትምህርት ከደረሱ በኋላ ነው። ጎረቤቴ «ተራው እስኪደርስ ልጁን ማቆየት የእኔ ሥራ ነው» አለችኝ። ከዚህ የከበደ ሥራ የያዘ ሰው አላውቅም።

አንባቢ ሆይ፥ ነገ በአስተማሪነት ወይም በጸሐፊነት ወደ ክፍለ ሀገር ትላክ ይሆናል። በእኛ መልክ ላይ ሰማያዊው ቀለም ቶሎ ስለማይለይ የልጁን ምላስ፥ የከንፈሩን ውስጥና ጥፍሩን ተመልከት፤ የጣቶቹ ጫፍ ማበጡንም ልብ በል። ከዚያም ወላጆቹን ጠርተህ ሐኪም ቤት እንዲወስዱት ምከራቸው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እንደዚህ ላለው ነገር ነው፤ ተራው ረጅም ቢሆንም የሚቆጠረው ልጁ ከተመዘገበበት ቀን ጀምሮ ነውና።