ከሆስፒታል መልስ

ታሞ የተነሣን ሰው «እንኳን እግዚአብሔር ማረዎ» ብለን፣ ቡናችንን ጠጥተን እንመለሳለን። የልብ ድካም በሽተኛ ግን ዋናው ፈተናው የሚጀምረው ከሆስፒታሉ በር ከወጣ በኋላ መሆኑን ስንቶቻችን እናስተውላለን?

እኛ ይኸን የተረዳነው አክስታችንን ስናስታምም ነው። ከሆስፒታል ሲወጡ የተሰጣቸው አንድ ከረጢት ክኒንና «ጨው ይቀንሱ» የሚል ምክር ብቻ ነበር፤ ቀጠሮውም ከ2 ወር በኋላ ነው። እግራቸው ማበጥ ሲጀምር፣ ማታም ትራስ ሲደራርቡ፣ የምንጠይቀው ሰው አጣን። በ3ኛው ሳምንት በሌሊት ተሸክመን መለስናቸው።

ነገሩ ድንገተኛ አይደለም። ልብ ደምን በሚገባ መግፋት ሲያቅተው ውሃ በሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል፤ ብዙ ጊዜም ትንፋሽ ከማጠሩ በፊት ሚዛን ይናገራል። በ3 ቀን ውስጥ ከ2 ኪሎ በላይ የጨመረ በሽተኛ ቶሎ ሐኪም ማማከር አለበት፤ የሚያሸናው መድኃኒት በጊዜ ከተስተካከለለት ዳግመኛ ከመተኛት ሊድን ይችላልና።

ታዲያ መሣሪያ ብቻውን ይበቃልን? እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ከ1,653 በሽተኞች ግማሾቹ በየቀኑ እየደወሉ ክብደታቸውንና ስሜታቸውን ለተቀረጸ ድምፅ እንዲያስታውቁ አደረገ። ሐኪሞች መልሱን ቢመለከቱትም ወደ ሆስፒታል መመለሱም ሆነ ሞቱ አልቀነሰም፤ ብዙዎቹም ውለው አድረው መደወሉን ተዉት። በጀርመን አገር ግን እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ጥናት ሌላ ውጤት አሳየ። ከ1,500 በላይ በሽተኞች ነበሩበት። የግማሾቹ ክብደት፣ የደም ግፊትና የልብ ምት በየቀኑ ወደ በርሊኑ ሻሪቴ ሆስፒታል ይላክ ነበር፤ በዚያም ሐኪሞችና ነርሶች ቀንና ሌሊት ይጠባበቃሉ፣ ይደውላሉ፣ መድኃኒት ያስተካክላሉ። በዓመት ከመቶ 11 ያህል የነበረው ሞት ወደ 8 ያህል ወረደ። የሁለቱ ጥናቶች በሽተኞች አንድ ዓይነት ባይሆኑም፣ ለእኛ የታየን ልዩነት ከመሣሪያው ኋላ የሚመልስ ሰው መኖሩ ነው።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ ይህ የሽማግሌ ጉዳይ ብቻ አይምሰለን። በአገራችን በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ሰበብ የልብ ቫልቫቸው ተጎድቶ ልባቸው የሚደክም ወጣቶች ብዙ ናቸው። የበርሊንን ያህል ማሰናዳት ቢያቅት፣ በየሆስፒታሉ አንዲት ነርስና አንድ ስልክ መመደብ ያቅታልን? እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች መድኃኒት ባናዝም፣ በየቤታችን ሚዛን አንብበን በደብተር መጻፍ እንችላለን። የጻፍነውን የሚሰማን ሰው ይሰጠን።