እናት የምትቀመጥበት ገበታ

ቤተሰብን ይዞ ከቤት ውጭ መመገብ ለአባቶቻችን እንግዳ ነገር ነበር። መንገደኛ በመሸበት ጊዜ «የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ብሎ ከማያውቀው ሰው ደጅ ይቆማል፤ ባለቤቱም ያለውን አካፍሎ ያሳድረዋል እንጂ ዋጋ አይጠይቀውም። እንጀራን በገንዘብ መሸጥም ሆነ መግዛት ነውር ሆኖ ይታይ ነበር። እቴጌ ጣይቱ በአዲስ አበባ ሆቴል ባቋቋሙ ጊዜ እንኳ ሕዝቡ ከፍሎ ለመብላት ስላፈረ፥ ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው ገብተው ከተመገቡ በኋላ ሒሳቡን በመክፈል አርአያ እንደ ሆኑ ይነገራል።

እኛ የምንኖርባት ጅማ ደግሞ የመንገደኛና የነጋዴ አገር ናት። ሄርማታ ከተማው ሳይቆረቆር አስቀድሞ ገበያ ነበረች። በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመነ መንግሥት፥ ይኸውም እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ድረስ፥ ቤተ መንግሥቱ ከላይ ጅሬን ላይ ሆኖ ከታች በሄርማታ የሐሙስ ገበያ ይቆም ነበር፤ ከሩቅ አገር የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎችም ይሞሉት ነበር። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን ጣሊያኖች በዚያው አካባቢ መንገድና ሕንፃ ሠሩ። እነርሱ ከሄዱ በኋላም ፓስታውና ማኪያቶው ከነስማቸው በእኛ ዘንድ ቀርተዋል።

ዛሬ በሄርማታ መርካቶም ሆነ በፈረንጅ አራዳ፥ በአጂፕም ሆነ በዩኒቨርሲቲው ዙሪያ የሚበላበት ቤት አይታጣም። ሥጋ ቤቱ፥ ሽሮ ቤቱ፥ ኬክ ቤቱና ጭማቂ ቤቱ በየመንገዱ ዳር ይገኛል። ነገር ግን ለነጋዴ የሚመች ቤት ሁሉ ለቤተሰብ ይመቻል ማለት አይደለም። ስለዚህ አንድ የቤተሰብ አባት ልጆቹንና ባለቤቱን ይዞ ከመግባቱ በፊት ሊያስተውላቸው የሚገቡትን አንዳንድ ነገሮች እንደ ችሎታችን ለአንባብያን ልናካፍል ወደድን።

በመጀመሪያ መቀመጫውን እንመለከታለን። መጠጥ የሚጠጣበት ክፍልና ምግብ የሚበላበት ክፍል የተለየ ሊሆን ይገባል። ጫት ተይዞ የሚዋልበት፥ ቴሌቪዥኑ ሰውን የማያነጋግርበት ቤት፥ ወጡ የቱንም ያህል ቢጥም ለሕፃናት አይሆንም። የእጅ መታጠቢያው ሳሙናና ውሃ ያለው፥ ትንሹ ልጅ ሊደርስበት የሚችል ቢሆን መልካም ነው። ቡና በሚለቀምበት ወራት፥ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ድረስ፥ በጅማም ሆነ በአጋሮና በሊሙ ገነት ምግብ ቤቶቹ በቡና ነጋዴዎችና በሹፌሮች ይጨናነቃሉ፤ ሲመሽም ጠጪው ይበዛል። በእነዚያ ወራት ቤተሰቡን ይዞ የሚወጣ ሰው ከቀትር በፊት ቢሄድ ይሻለዋል።

ሁለተኛው የጾም ነገር ነው። ሰባቱን አጽዋማት ጠንቅቆ ለሚጾም ክርስቲያን በዓመት ከ180 የማያንሱ ቀኖች የጾም ቀኖች ናቸው። እንግዲህ የጾም ምግብ የማያሰናዳ ቤት ለእኛ የዓመቱን እኩሌታ የተዘጋ ቤት ነው ማለት ይቻላል። ምስር፥ ክክ፥ ጎመንና ሱፍ ፍትፍት ያለበት በያይነቱ በብዙ ቦታ ይገኛል። ዳሩ ግን «የጾም ነውን?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። ሽሮው ቅቤ እንዳልገባበት፥ ጭልፋውና መጥበሻውም ከፍስኩ የተለየ መሆኑን በትሕትና መጠየቅ ተገቢ ነው። ጥንቁቅ ባለሙያ በዚህ ጥያቄ አትቀየምም፤ እንዲያውም ደስ ብሏት ታስረዳለች።

ሦስተኛው የጎረቤት ነገር ነው። በጅማ የሚኖር ክርስቲያን ከሙስሊም ጎረቤቱ ጋር ቡና ይጠጣል፥ ለቅሶ ይቀመጣል፥ በሠርግ ይተጋገዛል፤ በሥጋ ግን እያንዳንዱ በየሥርዓቱ ይለያል። ሥጋ ቤቶች በራቸው ላይ መስቀል ወይም ጨረቃ የሚሥሉት ስለዚህ ነው። ሠርግ የሚደግስ ሰውም ለሌላው ወገን እንግዶቹ የሚሆነውን ለብቻው ያሰናዳል። እኛም ልጆቻችን ከጎረቤት ባልንጀሮቻቸው ጋር በሚወጡበት ቀን ወደ ሽሮ ቤት ወይም ወደ ጭማቂ ቤት እንወስዳቸዋለን። የጅማ ምድር አቮካዶ አይነፍግም፤ ከማንጎና ከፓፓያ ጋር ተደራርቦ በብርጭቆ ሲቀርብ ልጆቹ ሁሉ እኩል ይደሰታሉ። ከሽሮውም ድስት ሁሉም አብረው ይበላሉ፤ የማንም ልጅ «ይህ ለእኔ አይሆንም» ብሎ እጁን አይሰበስብም። ጾም የሚያገለን መስሎ ለሚታያቸው ሰዎች ይህ ጥሩ ምስክር ነው።

አራተኛው የልጆች ጠባይ ነው። በቤት የተማሩት ሥርዓት በውጭ ይታያል። አስተናጋጅን በማጨብጨብ መጥራት በከተማችን የተለመደ ቢሆንም ለልጅ የሚያስተምሩት ነገር አይደለም። አስተናጋጇም የሰው ልጅ ናት፤ ምናልባት በዚያው ሰዓት የራሷን ልጆች ለጎረቤት አደራ ሰጥታ መጥታለች። ልጆቻችን ስታልፍ ጠብቀው «እባክሽ እታለም» ብለው እንዲጠሯት፥ ስትሰጣቸውም እንዲያመሰግኗት እንነግራቸዋለን። ምግቡም በየሰሐኑ ተለያይቶ ከሚመጣ በአንድ ትሪ ላይ እንዲቀርብ ማዘዝ ይሻላል፤ እንዲህ ሲሆን ታላቁ ለታናሹ መተውን ይማራል፤ ጉርሻም አይቀርም። ጸሎቱንም በሰው ፊት ለመታየት ሳይሆን፥ ሰውንም አፍሮ ሳይተው፥ ድምፅን ዝቅ አድርጎ ማድረስ ነው።

እነዚህ አራቱ በመጀመሪያ ያሰብንባቸው ነበሩ። አምስተኛውን ግን ያስተማረችን ታናሽ ልጃችን ናት።

በአንድ የመስከረም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ባለቤታችንን፥ ሦስቱን ልጆቻችንንና አማታችንን ይዘን ወደ አንድ ምግብ ቤት ሄድን። አማታችን በእድሜ የገፉ ናቸውና ነገሩ አልጣማቸውም። «ቤት እያለን፥ እንጀራ እያለን፥ በሰው ደጅ ምን አስቀመጠን?» እያሉ ነጠላቸውን ሰብስበው ጥግ ያዙ። ትሪው ቀረበ፤ ጸሎት ተደረገ። ባለቤታችን እንደ ልማዷ ለሁሉም ወጡን ካደለች በኋላ ውሃ መጉደሉን አይታ ብድግ አለች። ያን ጊዜ አስተናጋጇ ፈጥና መጥታ፥ «እናቴ፥ እርስዎ ይቀመጡ፤ እኔ አመጣለሁ» አለቻት። ተቀመጠች። ታናሽ ልጃችን ቀና ብላ አየቻትና፥

«እማዬ፥ ዛሬ ከእኛ ጋር ልትበዪ ነው?» ብላ ጠየቀቻት።

ከመካከላችን የመለሰ አልነበረም። አማታችን ግን ነጠላቸውን ከትከሻቸው ገለጥ አድርገው ጎረሥ የሚያህል ጠቅልለው ወደ ልጃቸው አፍ አቀረቡና፥ «ጉረሺ ልጄ፤ እኔም በዘመኔ እንዲህ ተቀምጬ አልበላሁም» አሉ። ኋላም ከረከቦቱ ዘንድ በሌላ ሰው እጅ የተቀዳ ቡና መጣ። በየቀኑ አቦሉን፥ ቶናውንና በረካውን ለሌላው የምትቀዳው ባለቤታችን ሲኒውን ተቀብላ ሳትነሣ ጠጣች። አማታችንም ወደ ቤት በምንመለስበት መንገድ ስለ ሰው ደጅ ያነሡት ነገር አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ስለ ምግብ ቤት ስንጠየቅ አስቀድመን የምንናገረው ይህን ነው። የቤት እመቤት በብዙዎቻችን ቤት መጨረሻ በላተኛ ናት። ስታቀርብ፥ ስትጨምር፥ ውሃ ስታቀዳ እንጀራው ይደርቃል፤ ወጡ ይቀዘቅዛል። ልጆች ይህን እያዩ ስለሚያድጉ የተፈጥሮ ሕግ ይመስላቸዋል። ስለዚህ ጥሩ ምግብ ቤት ማለት እናት ያለ ሥጋት ተቀምጣ የምትበላበት ቤት ነው፤ አስተናጋጁ የሚዘገይበት፥ ሕፃኑ የሚሠጋበት፥ ጾሙ የሚያጠራጥርበት ቤት እርሷን መልሶ ለሥራ ያስነሣታልና።

የመምህርም ሆነ የሌላ ደመወዝተኛ ኪስ በየሳምንቱ ከቤት ውጭ ለመመገብ እንደማይበቃ እናውቃለን። በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ቢሆን ለብዙው ቤት በቂ ነው። ነገር ግን በዚያ ቀን የታየውን ወደ ቤት ይዞ ለመመለስ ገንዘብ አያስፈልግም። ማሰሮውን ትልቁ ልጅ አስቀድሞ ይሙላ፤ እንጀራውን ሴት ልጅ ብቻ ሳትሆን ወንዱም ያቅርብ፤ አባትም ለመነሣት አይፈር። የገበታውም ጸሎት እናት መጥታ እስክትቀመጥ ድረስ አይጀመር።